ጀርመን እንዴት አንድ ሆነች? ስለ ውህደቷ የተለመዱ ስህተቶች

በትምህርት ቤት የታሪክ መጻሕፍት የጀርመን ውህደት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰውና በሦስት ጦርነቶች ይጠቃለላል፤ የፕሩሺያ (የሰሜኑ ኃያል የጀርመን መንግሥት) ጠቅላይ ሚኒስትር ቢስማርክ መጣ፣ ዴንማርክን፣ ኦስትሪያንና ፈረንሳይን አሸነፈ፣ አገሪቱም አንድ ሆነች። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ዋናውን ነገር ግን ይሸፍናል። አንድነቱን አጥብቀው የተቃወሙት ራሳቸው የጀርመን መንግሥታት ነበሩ። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ጀርመን ቀድሞም አንድ አገር ነበረች፤ ቢስማርክ የተበተነውን ሰበሰበ»

እስከ 1806 የቆየው ቅዱስ የሮማ ግዛት በመቶ የሚቆጠሩ መሳፍንት፣ ጳጳሳትና ነጻ ከተሞች የየራሳቸውን ሕግ የሚያወጡበት ልል ጥምረት ነበር። ትንንሾቹን ግዛቶች አጣጥፎ ቁጥራቸውን የቀነሰው ደግሞ ናፖሊዮን ነው። በ1815 የቪየና ጉባኤ 39 መንግሥታት ያሉበትን የጀርመን ኮንፌዴሬሽን አቋቋመ፤ ሊቀመንበሯም ኦስትሪያ ነበረች።

«አንድ ቋንቋ ስለሚናገሩ አንድ መሆናቸው አይቀሬ ነበር»

ቋንቋው ለዘመናት ነበር፤ አንድነቱ ግን አልነበረም። የባቫሪያ ገበሬ ታማኝነቱ ለንጉሡና ለቤተ ክርስቲያኑ ነበር። ሰሜኑ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት፣ ደቡቡ በአብዛኛው ካቶሊክ መሆኑም ጥርጣሬውን ያባብሰው ነበር። ብሔርተኝነቱን ያቀጣጠለው የፈረንሳይ ወረራ፣ ግብሩና የወታደር ምልመላው ነው። ይሁንና በ1813 በላይፕሲግ ጦርነት እንኳን የሳክሶኒ ንጉሥ ከናፖሊዮን ጎን ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ይዘው የቀጠሉት በተለይ ተማሪዎች፣ መምህራንና ጠበቆች ናቸው፤ በ1817 በዋርትቡርግ ተሰበሰቡ፣ በ1832 ደግሞ በሃምባኽ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ።

«እንቅፋቱ የውጭ ጠላት ነበር»

ፈረንሳይ የተባበረች ጀርመንን እንደማትፈልግ እውነት ነው። ቀድሞ በሩን የዘጋው ግን የኦስትሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሜተርኒክ ነው። ግዛቱ ሃንጋሪዎችን፣ ቼኮችን፣ ጣሊያኖችንና ፖላንዶችን ያቀፈ ስለነበር «ለእያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ መንግሥት» የሚለው ሐሳብ ሥር ከሰደደ እንደሚፈርስ ያውቃል። በ1819 የካርልስባድ ድንጋጌዎች ጋዜጦችን በሳንሱር አፈኑ፣ ዩኒቨርሲቲዎችን በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር አስገቡ፣ የተማሪዎችን ማኅበራት አገዱ።

በ1848 አብዮት ፍራንክፈርት ላይ የተሰበሰበው ፓርላማ ኦስትሪያ ትግባ ወይስ ትውጣ በሚለው ክርክር ወራት ፈጀ። በመጨረሻ በሚያዝያ 1849 ዘውዱን ለፕሩሺያው ንጉሥ ለፍሪድሪኽ ቪልሄልም አራተኛ አቀረበ። ንጉሡ ግን ዘውድ ከነገሥታት እንጂ ከሕዝብ ተወካዮች አይመጣም ብሎ አልተቀበለውም። እነዚያን ተወካዮች «ወሬኞች» ብሎ ማጣጣል የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ትልቅ ግፍ ሆኖ ይታየኛል። የራሳቸው ጦርና ግብር አልነበራቸውም እንጂ የጻፉት የመሠረታዊ መብቶች ዝርዝር ለ1919ኙም ሆነ ለ1949ኙ የጀርመን ሕገ መንግሥት ምንጭ ሆኗል።

«የጉምሩክ ኅብረቱ ወደ አንድነት መራቸው»

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ አሳማኝ ይመስላል። በ1834 በፕሩሺያ መሪነት የተጀመረው ዞልፌራይን የተባለው የጉምሩክ ኅብረት በአባላቱ መካከል ቀረጥ አስቀርቷል፤ ኦስትሪያም ውጭ ቀርታለች። በቀጣዩ ዓመት ከኑረምበርግ እስከ ፉርት የጀርመን የመጀመሪያው ባቡር ተንቀሳቀሰ። ገበያና ሐዲድ ካገናኛቸው መዋደድ ይከተላል ተብሎ ይታሰባል።

በ1866 የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ፕሩሺያና ኦስትሪያ ሲዋጉ የጉምሩክ ኅብረቱ አባላት የነበሩት ሳክሶኒ፣ ሃኖቨር፣ ባቫሪያ፣ ቩርተምበርግና ባደን ሁሉም ከኦስትሪያ ጎን ተሰለፉ። ጀርመን ጀርመንን ገደለ። ፕሩሺያ ሐምሌ 3 ቀን በኩኒግሬትስ አሸንፋ ሃኖቨርን ጠቀለለች፣ ንጉሧንም ከዙፋን አወረደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለጉምሩክ ፓርላማ ምርጫ ሲደረግም በባቫሪያና በቩርተምበርግ ያሸነፉት የፕሩሺያ ተቃዋሚዎች ናቸው። ኅብረቱ ለፕሩሺያ ገቢና ኃይል ጨመረ፤ የደቡቡን ልብ ግን አልማረከም።

«ቢስማርክ ከመጀመሪያው የጀርመን ብሔርተኛ ነበር»

የመሬት ባላባት ልጅ፣ የፕሩሺያ ንጉሥ ታማኝ ነበር፤ በ1849 የፍራንክፈርቱን ሕገ መንግሥት ተቃውሟል። በ1862 የዘመኑ ታላላቅ ጥያቄዎች በብረትና በደም ይፈታሉ ሲል የሚያስበው ስለ ፕሩሺያ ኃይል ነው። ደቡቡን ያመጣለት ፈረንሳይን መፍራቱ ነው። በ1866 ከደቡብ መንግሥታት ጋር በምስጢር የመከላከያ ውል ተፈራርሞ ስለነበር፣ በሐምሌ 1870 ፈረንሳይ ጦርነት ስታውጅ አብረውት ዘመቱ።

«በ1871 ሁሉም በደስታ ተቀበለው»

ጥር 18 ቀን በፈረንሳይ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አዲሱ የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ሲታወጅ የባቫሪያ ምክር ቤት ገና እየተከራከረ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ 102 ለ48 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ሁለተኛ የፕሩሺያው ንጉሥ ንጉሠ ነገሥት እንዲሆን ጥያቄ ያቀረበበትን ደብዳቤ ያረቀቀለት ቢስማርክ ነው፤ ለንጉሡም በምስጢር ገንዘብ ተከፍሎታል። ባቫሪያ በሰላም ጊዜ የራሷን ጦር፣ ፖስታና ባቡር ይዛ ቀረች። በኦስትሪያ የነበሩት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከአዲሱ ግዛት ውጭ ሲቀሩ፣ ፖላንዶች፣ ዴንማርኮችና ከፈረንሳይ የተወሰደው የአልዛስ ሎሬን ነዋሪዎች ውስጥ ገቡ። በ1874 የአልዛስ ሎሬን ተወካዮች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጀርመን ፓርላማ ሲገቡ ሕዝባቸው ሳይጠየቅ መጠቃለሉን በይፋ ተቃወሙ።