የኮድ ሊቨር ኦይል ውስጥ ምን አለ?

ኮድ ሊቨር ኦይልን (የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት) ከተራ ኦሜጋ ስሪ የዓሣ ዘይት ጋር አንድ አርጎ ሚገዛ ሰው ብዙ ነው፣ አንድ ግን አይደሉም። ተራው የዓሣ ዘይት ከሳርዲን ከአንቾቪ ምናምን ሙሉ አካል ነው ሚጨመቀው። ኮድ ሚባለው የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ ግን ሥጋው ስብ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስቡን ጉበቱ ላይ ነው ሚያከማቸው፣ የጉበቱ ግማሽና ከዛ በላይ ዘይት ነው፣ ጉበት ደሞ የቫይታሚን ኤ እና ዲ ጎተራ ስለሆነ ዘይቱ ሲወጣ እነሱም አብረው ይወጣሉ።

ድሮ ኖርዌይ ውስጥ ጉበቱን በርሜል ውስጥ ከተው እስኪበሰብስ ይጠብቁና ላዩ ላይ ሚንሳፈፈውን ነበር ሚቀዱት፣ ጥቁር ቡኒና ሽታው ማይቻል። በ1850ዎቹ ፒተር ሞለር ሚባል ፋርማሲስት ትኩሱን ጉበት በእንፋሎት ማውጣት ጀመረና ዘይቱ ጠራ።

አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ) ያልተነካካ ዘይት 40 ካሎሪ አካባቢ አለው፣ ፕሮቲን ዜሮ፣ ስኳር ዜሮ። ከቅባቱ ግማሽ የሚጠጋው እንደ ወይራ ዘይቱ ኦሌይክ አሲድ ያለ፣ አንድ ድርብ ቦንድ (ካርቦኖቹ በእጥፍ ሚያያዙበት ቦታ) ብቻ ያለው ነው። ሰው ሚያወራላቸው ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ሚባሉት የኦሜጋ ስሪ ቅባቶች ሁለቱ ተደምረው 0.8 ግራም ገደማ ናቸው። ቫይታሚን ዲ 450 ዩኒት፣ ለዛም ነው ለሪኬትስ (የልጆች አጥንት ሚያለሰልስና ሚያጎብጥ በሽታ) መድኃኒት የነበረው። በ1922 ማኮለም ሚባል አሜሪካዊ ዘይቱን አሙቆ ኦክስጅን እያስገባበት ቫይታሚን ኤውን አጠፋው፣ ዘይቱ ግን አሁንም ሪኬትስ አዳነ፣ እንግዲህ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው ተብሎ ቫይታሚን ዲ ተለየ።

ሚያስጨንቀኝ ኤው ነው። በዛችው ማንኪያ 1,350 ማይክሮግራም ገደማ አለ፣ ለሴት በቀን ሚመከረው 700 ነው፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ደሞ ጣሪያው 600። ይሄ ሬቲኖል (ስብ ውስጥ ሚሟሟው የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ስለሆነ ሰውነት እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አያስወጣውም፣ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ለፅንስም አደገኛ ስለሆነ እርጉዝ ሴት ካለሐኪም ባትነካው ነው ሚሻለው። ደግነቱ ብዙ ፋብሪካ ዲዮክሲን ምናምኑን (ዓሣው ላይ ሚጠራቀሙ መርዛማ ብክለቶችን) ሲያጣራ ቫይታሚኑም አብሮ ይቀንስና በኋላ ለክቶ ይመልሰዋል፣ ስለዚ ከብራንድ ብራንድ ሰማይና ምድር ነው፣ ሌብሉን ሳያዩ ለልጅ ማንኪያ መሙላት የለም። በነገራችን ላይ የካፕሱሉ ልባስ ጄላቲን ነው፣ ከከብት ወይ ከአሳማ ሊሆን ይችላል፣ ሚፆምም ሐላል ሚፈልግም እሱንም ያንብብ።

ዲኤችኤ ስድስት ድርብ ቦንድ አለው፣ ብርድ ላይ ማይረጋውም በዚ ነው፣ ግን ኦክስጅን በቀላሉ ይገባበታል፣ ቫይታሚን ኢ ሚጨምሩበትም ለዛ ነው። ከውጭ የተላከልኝን አንዱን ጠርሙስ ከፍቼ መስኮት ላይ ረስቼው ከርሞ ስከፍተው ዓሣ መሽተቱን ትቶ የግድግዳ ቀለም ቀለም ይላል፣ ፍሪጅ ውስጥ መሆን ነበረበት፣ ደፋሁት።