ኤስኤቲ እና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ ሆነው ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት የሚያስቡ ተማሪዎች መረጃ የሚያገኙት በአብዛኛው ከቴሌግራም ቻናልና ከእነሱ በፊት ካመለከተ ልጅ ነው። በዚያ ወሬ ውስጥ እውነቱም ያረጀውም ተቀላቅሏል። ስህተቱ ደግሞ ኪስ ይነካል፤ ኤስኤቲ የተባለው የመግቢያ ፈተና በዶላር ይከፈላል፣ የመፈተኛ ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ማመልከቻ ካመለጠም ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ደጋግመው የሚነገሩትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ማትሪክ ላይ ሳት እፈተናለሁ፤ ያንኑ እልካለሁ»

አይሆንም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ያለው፣ ተማሪዎች «ሳት» የሚሉት አፕቲትዩድ ሀገር ውስጥ የሚዘጋጅ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚጠይቁት ኤስኤቲ ኮሌጅ ቦርድ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ በኮምፒውተር የሚሰጥና ከ400 እስከ 1600 ነጥብ ያለው ሌላ ፈተና ነው። እስከ 800 የሚደርሰው ለእንግሊዝኛ ንባብና ጽሑፍ፣ ሌላው 800 ለሂሳብ ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለብቻቸው አይጠየቁበትም።

«ከኮቪድ ወዲህ ኤስኤቲ ቀርቷል»

እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ይህ ለብዙዎቹ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተቀይሯል። ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ፈተናውን መልሶ ግዴታ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ዳርትማውዝ፣ ዬል፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ የፈተና ውጤት እንደገና እንደሚጠይቁ አስታወቁ። ኮሎምቢያ በበኩሉ ለአመልካቹ ፈቃድ ትቶታል። በርክሌይንና ሎስ አንጀለስን የሚያጠቃልለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ብትልኩለትም ለቅበላ አያየውም።

ግዴታ በሆነበትም ቦታ ቢሆን ደንቡን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። ሃርቫርድ ኤስኤቲ መፈተን ላልቻለ አመልካች በልዩ ሁኔታ የሀገር አቀፍ ማጠናቀቂያ ፈተና ውጤትን፣ ወይም ገና ካልተፈተነ የሚጠበቀውን ውጤት ሊቀበል እንደሚችል ደንቡ ላይ አስፍሯል። ይህ ለጎንደር ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። የብዙዎቹ መደበኛ ማመልከቻ የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሲሆን ማትሪክ የሚሰጠው በሰኔና በሐምሌ ነው። ስለዚህ የሚጠበቀውን ውጤት ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ርዕሰ መምህሩን ወይም አማካሪውን ከጥቅምት ጀምሮ ማነጋገር ይሻላል። ደንቦች በየዓመቱ ይቀየራሉ። ስለዚህ የምታመለክቱበትን ዓመት ገጽ አንብቡ፤ ባለፈው ዓመት የተነሳ ስክሪንሾት ዋስትና አይሆንም።

«1500 ያመጣ ሙሉ ስኮላርሺፕ የእጁ ነው»

ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እኛ የለመድነው ምደባ በውጤት ነው፤ ማትሪክ ላይ 50 በመቶ ያለፈ በነጥቡና በምርጫው ይመደባል። የአሜሪካ መራጭ ዩኒቨርሲቲዎች (ከሚያመለክተው ጥቂቱን ብቻ የሚቀበሉት) እንዲህ አይሠሩም። ኤምአይቲ ፈተናውን ሲመልስ ምክንያቱን በግልጽ ጽፏል፦ እዚያ ሁሉም ተማሪ፣ ምንም ያጥና ምን፣ ካልኩለስና ፊዚክስ ስለሚወስድ ውጤቱ በተለይም ሂሳቡ ተማሪው ያን ይችለው እንደሆነ ያሳያል። መቻሉ አንዴ ከታየ በኋላ ግን ነጥቡ ሌላ ሚና የለውም። ከዚያ ወዲያ የሚመዝነው የአራት ዓመት ትራንስክሪፕት፣ የመምህራን ደብዳቤ፣ የተማሪው ጽሑፍና ከክፍል ውጭ የሠራው ነው። ሃርቫርድ በቅርብ ዓመታት ከ100 አመልካች 5 እንኳ አልተቀበለም፤ ከቀሩት ውስጥ ከ1500 በላይ ያላቸው ብዙ ናቸው።

ገንዘቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝና አምኸርስት የውጭ ዜጋ አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አይመለከቱም፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ እርዳታውን የሚያሰሉት በቤተሰቡ ገቢ ነው። ገቢያቸው እኩል ከሆነ 1450 ያለውም 1580 ያለውም የሚያገኙት እርዳታ ያው ነው። አብዛኞቹ ሌሎች ግን ሲመርጡ ጭምር አቅምን ያያሉ፤ ሙሉ እርዳታ የሚፈልግ ልጅ እዚያ የሚወዳደረው ለተወሰነች ገንዘብ ነው፣ ከፍ ያለ ነጥብም ይረዳዋል። ሦስተኛዎቹ፣ መራጭነታቸው ዝቅ ያለው፣ በነጥብ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍኑት ግን የትምህርት ክፍያውን ከፊል ነው። መኝታው፣ ምግቡና የጤና መድኑ ይቀራል። ቀሪውን ከየት እንደምትከፍሉ ካላሳያችሁ ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 ቅጽ አይወጣላችሁም። «ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ» ብሎ ድግስ ከመደገስ በፊት ቤተሰብ ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ መሥራት አለበት።

«ከ1500 በታች ከሆነ መደበቅ ነው»

ፈተናው በፈቃድ በሆነባቸው ቦታዎች ይህ ምክር ብዙ ሰው አሳስቷል። ዳርትማውዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ያደረገው የራሱ መምህራን ጥናት፣ ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ አመልካቾች በ1400ዎቹ ያለ ውጤታቸውን ሳይልኩ እንደቀሩና ቢልኩት ኖሮ ይጠቅማቸው እንደነበር አሳይቷል። ምክንያቱ ነጥቡ የሚነበበው ከትምህርት ቤቱና ከአካባቢው ጋር መሆኑ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ በተቀመጠበት ትምህርት ቤት የተገኘ 1400 በውድ የግል ትምህርት ቤት ከተገኘ 1400 ጋር እኩል አይታይም።

ለመወሰን የዩኒቨርሲቲውን ስም ከ«ኮመን ዳታ ሴት» (ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ ከሚያወጡት የመረጃ ሰነድ) ጋር ፈልጉና ክፍል ሲ-9ን ክፈቱ። እዚያ ያሉት ታችኛውና ላይኛው ቁጥሮች ውጤት ልከው ከተመዘገቡት መካከል መሃለኛውን 50 በመቶ ያሳያሉ፤ ከታችኛው ቁጥር በታች ሆነው የገቡ አንድ አራተኛ ያህል አሉ ማለት ነው። የእኛ ግምት ይህ ነው፦ ነጥባችሁ ከታችኛው ቁጥር በላይ ወይም በ50 ገደማ ያነሰ ከሆነ ላኩት፤ በ150 ካነሰና ግዴታ ካልሆነ ተዉት።

«የማታውቀውን ባዶ ተወው፤ የተሳሳተ ይቀንሳል»

ይህ እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት የነበረ ደንብ ነው። ዛሬ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ ስለዚህ ባዶ መተው በከንቱ ነጥብ መጣል ነው። ይልቅ ብዙዎች የማያውቁት የፈተናውን አሠራር ነው። እንግሊዝኛውም ሂሳቡም እያንዳንዳቸው ሁለት ሞጁል (ንዑስ ክፍል) አላቸው። እንግሊዝኛው በሞጁል 27 ጥያቄና 32 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 71 ሰከንድ ያህል ይደርሳል። ሂሳቡ በሞጁል 22 ጥያቄና 35 ደቂቃ ስለሆነ 95 ሰከንድ ያህል ነው። የመጀመሪያው ሞጁል ቀላልና ከባድ የተቀላቀለበት ሲሆን ሁለተኛው ከባድ ወይም ቀለል ያለ የሚሆነው በመጀመሪያው ሥራችሁ ነው። ቀለል ያለው ከደረሳችሁ ሁሉንም ብትመልሱ እንኳ ከፍተኛው ነጥብ ላይ አትደርሱም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሞጁል በጥድፊያ የሚጣሉት ቀላል ጥያቄዎች ከሁሉም ይበልጥ ያስከፍላሉ። ያስቸገረውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፣ ተመለሱበት፣ የመጨረሻዎቹን 2 ደቂቃዎች ባዶ ቦታ ለመሙላት አስቀሩ። ከሂሳቡ አንድ አራተኛ ያህሉ ምርጫ የለውም፤ መልሱን ራሱን ትጽፋላችሁ።

ማትሪክ ላይ ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ ተማሪዎቻችን በወረቀት መሥራት ያውቃሉ። ይህ ጥንካሬ ነው፤ ግን ኤስኤቲ ላይ ዴስሞስ የተባለ ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር እዚያው ማያ ገጹ ላይ አለ። «መስመሩና ፓራቦላው ስንት ቦታ ይገናኛሉ?» ለሚል ጥያቄ ሁለቱን እኩልታዎች ስትጽፉ መገናኛው ወዲያው ይታያል። ሲጫን መጋጠሚያ ነጥቡን ከነቁጥሩ ያሳያል። የተረፈውን ጊዜ ረጅም የቃል ችግሮች ላይ አውሉት።

እንግሊዝኛው ላይ እያንዳንዱ ምንባብ ከ25 እስከ 150 ቃል ሲሆን አንድ ጥያቄ ብቻ አለው። በጥቂት ጊዜ ብዙ የሚሻሻለው ሥርዓተ ነጥቡ ነው፦ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ማያያዝ እዚያ ስህተት ነው፤ ነጥብ፣ ሴሚኮለን፣ ወይም ኮማ ከማያያዣ ቃል ጋር ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ልምምድ ብር የሚከፈልበት ኮርስ ግዴታ አይደለም። ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ፈተናው ራሱ በሚሰጥበት በብሉቡክ መተግበሪያ፣ ትምህርቱም ካን አካዳሚ በተባለው ድረ ገጽ በነፃ አሉ።

«ተመዝግቤያለሁ፤ የቀረው መሄድ ነው»

ጥሩ ተማሪ የሚወድቀው አንዳንዴ በር ላይ ነው። ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2024/25 ለውጭ ተፈታኝ 68 ዶላር መመዝገቢያና 43 ዶላር ተጨማሪ፣ በድምሩ 111 ዶላር ነበር። የክፍያ ነፃ ፈቃዱ ለአሜሪካውያን ነው፤ እናንተ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋችኋል። ከመክፈል በፊት የጣቢያ ዝርዝሩን ፈልጉ። አዲስ አበባ ከሆነ ከጎንደር በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ከፈተናው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ።

ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን። «ኃይለማርያም» ፓስፖርት ላይ ተያይዞ ከተጻፈ ምዝገባው ላይም ተያይዞ ይጻፍ፤ የትውልድ ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ፓስፖርቱ ላይ ያለው ይሁን። የመግቢያ ወረቀቱ 7፡45 ሲል ከጠዋቱ 1፡45 ማለቱ ነው።

ፈተናው በላፕቶፕ ወይም በአይፓድ ነው፤ በስልክ አይሆንም። የተዋሳችሁት ላፕቶፕ ከሆነ ብሉቡክን ጭናችሁ አንድ ሙሉ ልምምድ በዚያው ላይ ሥሩ፣ ባትሪው ሦስት አራት ሰዓት መቆየቱን እዩ። የመግቢያ ወረቀቱ የሚወጣው ከፈተናው በፊት ባሉት 5 ቀናት ውስጥ በመተግበሪያው ዝግጅቱን ስትጨርሱ ነው። ኢንተርኔት ሲጀመርና መልስ ሲላክ ያስፈልጋል፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ አትደንግጡ፣ መልሳችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሥራችሁን ቀጥሉ።

«ኤስኤቲ ካለኝ ቶፍል አያስፈልገኝም»

አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልጋል። ኤስኤቲ ንግግርንና ማዳመጥን አይመዝንም። ከእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎቹ ከቶፍል፣ ከአይኤልትስ ወይም ከዱዎሊንጎ የትኛው ተቀባይነት እንዳለው የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ይጻፋል።

«ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ውጤት ለመላክ መክፈል ግድ ነው»

ብዙዎቹ፣ ኤምአይቲና ዬልን ጨምሮ፣ ሲያመለክቱ ነጥቡን ራሳችሁ እንድትጽፉ ይፈቅዳሉ፤ ከኮሌጅ ቦርድ በቀጥታ የሚላከውን የሚፈልጉት ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። በተጨማሪ ሲመዘገቡ ወይም ከፈተናው በኋላ ባሉት 9 ቀናት ውስጥ ለመረጣችኋቸው 4 ተቋማት መላኩ ነፃ ነው። ጆርጅታውን ግን የተፈተናችሁትን ሁሉ ውጤት ይጠይቃል፤ ዝርዝራችሁ ውስጥ ካለ «ለመሞከር» ብላችሁ ሳትዘጋጁ አትቀመጡ።