«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል»፦ ተረቱና የሊድስ ዩናይትድ ነገር

ልጅ ሳለሁ ክረምት ላይ የሰፈራችንን ትልቅ ባሕር ዛፍ ሌሊት ነፋስ ከወገቡ ሰብሮ ጣለው። ቆሞ ሳለ ማንም አይደፍረውም ነበር። ግንዱ ወፍራም ነው፤ ቅርንጫፉ እጅ አይደርስበትም። ጠዋት ግን ምሳር ያለው ሁሉ ወጣ። አንዱ ይመለምላል፣ ሌላው ይፈልጣል፣ እናቶች ቅጠሉን ለእንጀራ መጋገሪያ ይሰበስባሉ። ምሳር የሌለው ከጎረቤት ተውሶ መጣ። ማታ ላይ የቀረው ጉቶውና ስንጥሩ ብቻ ነበር።

ተረቱ የተወሰደው ከዚህ ነው። ከሥልጣን የወረደ ሹም፣ የከሰረ ነጋዴ፣ ትናንት የተፈራና ዛሬ የተናቀ ሰው ሲያጋጥም ይነገራል። አንዷን ቃል ልብ በሉልኝ፦ «ይበዛበታል»። «ይበዛለታል» አላሉም። ያቺ «በት» መብዛቱ ጉዳት መሆኑን ትናገራለች። እንግዳ ይበዛለታል፤ ዕዳ ይበዛበታል።

ይህን ተረት በእግር ኳስ አስረዳ ብትሉኝ ከሊድስ ዩናይትድ ሌላ ምሳሌ አልፈልግም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሊድስ በ1992 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ነበር። በ2001 ቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በቫሌንሲያ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሊጉን 4ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያኔ ወደ ቻምፒየንስ ሊግ የሚያልፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። 3ኛ የሆነው ሊቨርፑል 69፣ ሊድስ 68። የአንድ ነጥብ ነገር! ክለቡ ግን ከዚያ ውድድር በሚመጣው ገንዘብ ተማምኖ ብዙ ተበድሯል። ገንዘቡ ቀረ፤ ዕዳው ቆየ።

ምሳሩ የተሳለው ዛፉ ገና ዘመም ሲል ነው። በ2002 ሪዮ ፈርዲናንድ በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ። ሮቢ ኪን ቶተንሃም፣ ዉድጌት ኒውካስል፣ ኪዌል ሊቨርፑል ገቡ። በ2004 ሊድስ በ33 ነጥብ 19ኛ ሆኖ ከፕሪምየር ሊግ፣ ከላይኛው እርከን፣ ወረደ። ከዚያማ የቀረውም ተበተነ። የከተማው ልጅ አላን ስሚዝ በመጨረሻው የሜዳ ጨዋታ በደጋፊ ትከሻ ላይ ሆኖ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የማንቸስተር ዩናይትድን ማሊያ ለበሰ። የልምምድ ሜዳውም፣ ኤላንድ ሮድ ስታዲየምም ሳይቀር ተሸጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህን ተረት «ጠላት ጣለኝ» ለማለት የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ። ልክ አይመስለኝም። በተረቱ ውስጥ ዛፉን የጣለው ምሳር አይደለም፤ ምሳር የመጣው ከወደቀ በኋላ ነው። ሊድስንም የጣለው የገዛ ብድሩ ነው። ተረቱ የሚታዘበው ሌላውን ነው፦ ትናንት ጥላው ስር ተቀምጦ ዛሬ ምሳር ይዞ የሚመጣውን።

ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ፤ የሚያመው እዚያ ነው። በ2007 ክለቡ ዕዳ መክፈል አቅቶት 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ከዕዳው የወጣበት መንገድ ደንብ አልተከተለም ተብሎ ደግሞ አዲሱን ዓመት ከዜሮ በታች 15 ነጥብ ይዞ እንዲጀምር ተፈረደበት። ከዜሮ በታች! ሌላው ከመሬት ሲነሳ ሊድስ ከጉድጓድ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። 21 ነጥብ ማለት ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን 6 ብቻ። ዓመቱን በ76 ነጥብ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። የተቀነሰው 15 ቢመለስለት 91 ሆኖ 2ኛ ይወጣና በቀጥታ ያድግ ነበር። በምትኩ ለማደግ በሚደረገው ማጣሪያ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ በዶንካስተር ሮቨርስ 1 ለ 0 ተሸነፈ።

ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የሰፈራችንም እንደዚያው ሆነ።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2010 ሊድስ ገና ሦስተኛው እርከን ላይ እያለ ለኤፍ ኤ ካፕ፣ የየእርከኑ ክለቦች ለሚገናኙበት የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ኦልድ ትራፎርድ ሄደ። ፈርዲናንድንና ስሚዝን የወሰደው ክለብ ሜዳ ላይ ማለት ነው። በ19ኛው ደቂቃ የሊድሱ ጀርሜይን ቤክፎርድ አገባ። 1 ለ 0 አለቀ። በዚያው ዓመት አንድ እርከን አደገ። በ2017 ኤላንድ ሮድን መልሶ ገዛ። በ2020 ከ16 ዓመት በኋላ ፕሪምየር ሊግ ገባ። በ2023 ደግሞ ወረደ፤ በ2025 በ100 ነጥብ የቻምፒዮንሺፕ፣ የሁለተኛው እርከን፣ አሸናፊ ሆኖ ተመለሰ።