በወሎ የመንግሥት መረጃ እንዴት ይገኛል?

ወሎ ዛሬ በአስተዳደር ካርታ ላይ አንድ ቦታ አይደለም። የድሮው ጠቅላይ ግዛት ከፈረሰ ቆይቷል። ደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫው ደሴ ነው፤ የሰሜን ወሎ ወልድያ፤ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ደግሞ ከሚሴ። ሦስቱም በአማራ ክልል ሥር ናቸው። ከዞን ሥር ወረዳ፣ ከወረዳ ሥር ቀበሌ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲና ወልድያ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉት ተቋማት ደግሞ የፌዴራል ናቸው። ስለዚህ መረጃ ፈላጊ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ወረቀቱ ማን ጋ እንዳለ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ቀኑን የሚያቃጥለው። ዞን ሄዶ «የወረዳ ጉዳይ ነው» ይባላል። ወረዳ ሲሄድ «ቀበሌ ጠይቅ»። ቀበሌው ደግሞ ዝግ ነው።

ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ማግኘትን ከሐሳብ ነፃነት ጋር አያይዞ ያስቀምጣል። ዝርዝሩ የመጣው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የአዋጁን የሚዲያ ክፍል በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ተክቶታል። መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ግን ባለበት ቀጥሏል። ስለ 590 ሲነሳ «እሱማ ተሽሯል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግማሹን ብቻ ነው የሰማው።

ይህ መብት ወሎ ላይ የተለየ ክብደት አለው። በ1965 ራያና ቆቦ፣ የጁና ሌሎችም አውራጃዎች በረሃብ ሲያልቁ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን አፍኖ ይዞት ነበር። ሰው ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው መንገድ ዳር ወድቆ ይታይ ነበር። ቢሮክራሲው ውስጥ መረጃ አልጠፋም፤ የሰብሉን ሁኔታ የሚከታተሉ ባለሙያዎች ነበሩ። የጠፋው ሪፖርቱን ወደ አደባባይ የሚያወጣ ሰው ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች ግቢው ውስጥ ሲታዩ ተማሪው ተነሳ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው የቴሌቪዥን ዘገባ ደግሞ ለዓለም አሳየው። ይኸው ዘገባ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል እየተሰካበት መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የሟቹ ቁጥር ዛሬም በግምት ነው የሚነገረው፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይባላል። የግምቱ ስፋት ራሱ በጊዜው ምን ያህል እንዳልተመዘገበ ይናገራል።

ወደ አዋጁ እንመለስ። ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ መጠየቅ፣ ማግኘትና ለሌላ ማካፈል ይችላል። ጥያቄው በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል። መጻፍ ለማይችል ሰው የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጥያቄውን ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ግዴታ አለበት። ወረዳ ላይ ይህን ሥራ በተግባር የሚይዘው ኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ ነው። መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። በቂ ምክንያት ካለ ሌላ 30 ቀን ሊጨመር ይችላል። መረጃው ሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነ ጥያቄው ወደዚያ ይተላለፋል። ባለጉዳዩን ማንከራተት ሕጉ ያሰበው ነገር አይደለም። ክልከላ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ መነገር አለበት።

ታዲያ ሰው በተግባር ምን ይጠይቃል? ከሁሉ በፊት መሬት። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባን በስፋት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበትን የይዞታ ማረጋገጫ ገበሬው በአጭሩ «ደብተር» ይለዋል። ደብተሩ ገበሬው እጅ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ወረዳው ዘንድ። ቀጥሎ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ እያንዳንዱን ማሳ ከካርታ ጋር አያይዞታል። በዚህ ሂደት ውስጥ ሳይጠየቅ ይፋ የሚሆን መረጃ አለ። የማሳው ካርታና የባለይዞታዎች ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት ቀበሌው ላይ ተለጥፎ ለሕዝብ ይታያል። ያን ጊዜ ማንበብ የሚችል ልጅ ተፈላጊ ነው። አዛውንቶች ከጀርባው ቆመው «የኔን ፈልግልኝ፣ ከወንዙ በላይ ያለችውን» ይሉታል። ልጁ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል። የአያት ስም ተዛብቶ ከተገኘ፣ ድንበር ከተገፋ፣ አቤቱታው የሚቀርበው ያኔ ነው። ከጸደቀ በኋላ ማስተካከል ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስኬድ ይችላል። በእኔ ግምት በገጠር ወሎ ከየትኛውም ዘመቻና ባነር በላይ የመረጃ መብትን ያስተማረው ይህ ልጥፍ ነው።

ሁለተኛው ሴፍቲኔት ነው፤ የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ። መርሐ ግብሩ በ1997 ሲጀመር የወሎ ደረቅ ወረዳዎች ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል ነበሩ። በአሠራሩ መሠረት የተጠቃሚዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ይለጠፋል። ቅር ያለው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። በወረቀት ሲታይ ሸጋ ነው። ችግሩ የዝርዝሩ መነበብ ሳይሆን ከመነበቡ በፊት የሚሆነው ነው። ማን እንደሚገባ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከስብሰባው በፊት ነው፤ የጎረቤት ይሉኝታ ደግሞ አፍ ይዘጋል። «እከሌ ከብት አለው» ብሎ በአደባባይ መነሳት ቀላል አይደለም። ነገ ለቅሶም ሠርግም ላይ መገናኘት አለ።

በጀት ሌላው ነው። የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት በሚባለው አሠራር ወረዳዎች የዓመቱን በጀትና ወጪ ሰው በሚረዳው ሠንጠረዥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያም እንዲሁ። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ፀሐይ ያደበዘዘው ያለፈ ዓመት ወረቀት በአዲሱ ዓመትም እዚያው ተለጥፎ ማየት ብርቅ አይደለም። ጨረታ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ማስታወቂያው በኩር ጋዜጣ ላይና በር ላይ ይወጣል፤ ሰነዱ የሚከፈተው ተጫራቾች ወይም ወኪሎቻቸው ባሉበት ነው። እዚህ ላይ መረጃው በሰዓቱ ይገኛል። ገንዘብ ያለበት ቦታ ጠያቂም ንቁ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ። አዋጁን ያነበበም ያላነበበም ሰው የሚገናኘው ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋር ነው። ከፍርድ ቤትና ከመስተዳድር ግቢ በር ላይ በጃንጥላ ሥር የተቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ። «ጉዳዩ፦» ብለው ይጀምራሉ፤ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብለው ይዘጋሉ። ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «አስቀምጠው፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ብቅ በል» ነው። ሰኞ ሲመጡ ወረቀቱ የውሃ ሽታ ሆኗል። ሁለተኛው ወረቀቱ ገቢ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ቁጥርና ቀን ሲያገኝ፣ ባለጉዳዩ እጅ በሚቀረው ኮፒ ላይም ማህተም ሲያርፍ ነው። በሕጉ ውስጥ ያሉት ቀናት ሁሉ መቆጠር የሚጀምሩት ከዚህች ቁጥር ነው። የቃል ጥያቄ መብት ነው፤ ግን ለይግባኝ የሚይዙት ነገር አይተርፍም። ከአሥር አንቀጽ ይልቅ አንዲት የገቢ ቁጥር ትጠቅማለች ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቁጥሩ ከሚመዘገብበት ይልቅ በትውውቅ የሚሠራው መንገድ ይበዛል። «የምታውቀው ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ መዝገብ ቤት ሳይደረስ ካፌ ውስጥ ይነሳል። ዘመድ ያለው ፋይሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። የሌለው ደጅ ይጠናል። ሠራተኛውንም መውቀስ አይበቃም፤ ሰነድ ሰጥቶ ከሚጠየቅ ከልክሎ መቅረት ይቀለዋል። አለቃው «ለምን ሰጠህ?» ይለዋል እንጂ «ለምን ከለከልክ?» የሚለው እምብዛም ነው።

ሁሉም ነገር ክፍት አይደለም። አዋጁ የሚከለክላቸው አሉ፦ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ፣ የንግድ ሚስጥር፣ የመከላከያና የደኅንነት ጉዳይ፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀል፣ የካቢኔ ሰነድ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ አያያዝ ለብቻው ይገዛል። የአንድን ታማሚ ካርድ መከልከል ተገቢ ነው። የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት ግዢ ወጪ በዚያው ሰበብ መከልከል ግን ተገቢ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ሁለቱን ሲያምታቱ ይስተዋላል፤ አንዳንዴም ማምታታቱ ይመቻቸዋል።

የተከለከለ ሰው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያመለክታል። እዚያ ካልተፈታ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ ነው። የአዋጅ 590ን የመረጃ ክፍል አፈጻጸም የመከታተል ኃላፊነትም አለበት። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ነው። ከላስታ ወይም ከወግዲ ተነስቶ ይህን ሁሉ መሰላል ለሚወጣ ሰው የትራንስፖርቱና የአልጋው ወጪ ከጠየቀው ወረቀት ዋጋ በላይ ይሆንበታል። ለዚህ ነው ብዙዎች ከመጀመሪያው ደረጃ የሚመለሱት። በከሚሴ ዙሪያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውም መልሱም በዚያው ቋንቋ ይሄዳል። አማርኛ ብቻ የሚያነብ የበላይ አካል ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ትርጉም ይጠየቃል።

የ2014ቱ ጦርነት ነገሩን አክብዶታል። በሰሜንም በደቡብም ወሎ ጦርነቱ በደረሰባቸው ከተሞች የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈዋል፤ ኮምፒውተርና ፋይል ጠፍቷል፣ ተቃጥሏል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከተጎዱት አንዱ ነው። «ፋይሉ የለም» የሚለው መልስ ድሮ ሰበብ ነበር፤ አሁን አንዳንድ ቦታ እውነት ሆኗል። በእውነትና በሰበብ መካከል መለየት ደግሞ ለጠያቂው አስቸጋሪ ነው። የተሻለ የሚባለው መልስ የጠፋው የትኛው መዝገብ እንደሆነ በጽሑፍ የሚገልጽ ነው፤ ያንን ይዞ ወደ ዞንና ወደ ክልል መዝገብ መሻገር ይቻላል። በመሬት ጉዳይ ነገሩ ትንሽ ይቀላል። የወረዳው መዝገብ ቢጠፋም ደብተሩ ገበሬው ቤት ሣጥን ውስጥ አለ። መዝገቡን እንደገና ለማደራጀት ሲነሳ ቢሮው ራሱ ከባለይዞታው ቅጂ ይጠይቃል።