በፋይል ስም ውስጥ «ልዩ ምልክት» ምንድን ነው?

በሊኑክስ ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ላይ ልዩ ምልክት የሚባለው፣ ሼሉ (የጻፍነውን ትዕዛዝ አንብቦ የሚተረጉመው ፕሮግራም) እንደ ስም አካል ሳይሆን ለራሱ እንደ ተሰጠ መመሪያ ቆጥሮ የሚያነበው ምልክት ነው። ክፍት ቦታ ቃልን ከቃል ይለያል፤ ኮከብ (*) ስሙ በነጥብ ከሚጀምር በቀር በማውጫው (በፎልደሩ) ያለውን ፋይል ሁሉ ይጠራል፤ የዶላር ምልክት ($) በተለዋዋጭ (ስም ተሰጥቶት ዋጋ በሚይዝ ማስቀመጫ) ውስጥ የተቀመጠውን ያወጣል። ትዕዛዙ ሥራውን የሚጀምረው ሼሉ ይህን ሁሉ ፈትቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ለምሳሌ የፋይል መሰረዣው ትዕዛዝ (rm) እጅ የሚገባው እኛ የጻፍነው ሳይሆን ሼሉ የተረዳው ነው።

የባሕር ዳር ሰው ችግሩን ሩቅ ሄዶ አይፈልገውም፤ የከተማው ስም ራሱ ክፍት ቦታ አለው። በጣና ዳርቻ ጎብኚዎችን ፎቶ የሚያነሳ ሰው አንዱን ምስል «ባሕር ዳር ወደብ 2016» ብሎ አስቀመጠ እንበል። የሚሰርዘው ስክሪፕት (በፋይል የተጻፈ የትዕዛዞች ስብስብ) ስሙን በ $1፣ ማለትም መጀመሪያ የተሰጠውን በሚይዘው ተለዋዋጭ፣ ይቀበላል። በስክሪፕቱ ውስጥ $1 ያለ ጥቅስ ከተጻፈ ሼሉ ስሙን አራት ቦታ ይከፍለውና መሰረዣው «ባሕር»፣ «ዳር»፣ «ወደብ» እና «2016» የሚባሉ አራት ፋይሎችን ይፈልጋል። ሦስቱ የሉም ብሎ ያማርራል። እዚያው ማውጫ ውስጥ «2016» የተባለ ሌላ ፋይል ካለ ግን ያለ አንዳች ድምፅ ይጠፋል። ስሙ «ጣና * ምርጥ» ቢሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ኮከቡ ተፈትቶ የማውጫው ፋይሎች በሙሉ ለመሰረዝ ይሰለፋሉ።

መድኃኒቱ "$1" ብሎ በድርብ ጥቅስ መክበብ ነው። ስክሪፕቱ ብዙ ስሞች የሚቀበል ከሆነ "$@" ይባላል። ጥቅሱ ቀጥ ያለው መሆን አለበት፤ በመጽሐፍ የለመድነውን «» ወይም የጽሑፍ ማቀናበሪያዎች አጉብጠው የሚያስገቡትን ጥቅስ ሼሉ አያውቀውም። በጭረት የሚጀምር ስም ደግሞ ለትዕዛዙ አማራጭ ስለሚመስለው ከፊቱ ./ ይጨመርለታል።

«ፋይልን በአማርኛ አትሰይሙ» የሚለው ምክር ግን ፍርደ ገምድል ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር ወደሚሰጠው ደረጃ) ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች በባይት በሚጻፉበት ዘዴ) ሦስት ባይት ይይዛል፤ የሦስቱም ባይቶች ዋጋ ከ127 በላይ ነው። የሼሉ ልዩ ምልክቶች በሙሉ ከዚያ በታች ስለሆኑ ከፊደሎቻችን ጋር የሚምታቱበት መንገድ የለም። ሁለት ነጥብ (፡) እንኳ ለሼሉ ተራ ፊደል ነው፤ «ባሕር፡ዳር» ብሎ በጥንቱ ልማድ የሰየመ ሰው ያለ ጥቅስም ይድናል።

በእኛ አጻጻፍ በእርግጥ የሚያስቸግረው እዝባር (/) ነው። «የጽ/ቤት ደብዳቤ» ብሎ መሰየም አይቻልም፤ ሥርዓቱ «የጽ» የተባለ ማውጫ ፍለጋ ይሄዳል። ይህን ጥቅስም አያድነውም፣ ምክንያቱም እዝባርን በስም ውስጥ የሚከለክለው ሼሉ ሳይሆን የሊኑክስ እምብርት (kernel) ነው። «ጽሕፈት ቤት» ብሎ መዘርዘር ነው።

ርዝመትም አለ። በሊኑክስ የተለመደው የኤክስት4 ፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ በአማርኛ ፊደል 85 መሆኑ ነው። ዊንዶውስ በባይት ስለማይቆጥር መቶ ፊደል ያለው የአማርኛ ስም እዚያ በሰላም ኖሮ ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ አልገባም ይላል።

አንዱ «ባሕር ዳር»፣ ሌላው «ባህር ዳር» ብሎ የሰየማቸው ፎቶዎች አንድ ማውጫ ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ ልዩ ምልክቶቹ ራሳቸው ያገለግላሉ። ለኮምፒውተሩ ሕ እና ህ የማይገናኙ ፊደላት ናቸው፤ ባ[ሕህ]ር* ተብሎ ሲጻፍ ግን ሁለቱም ይሰበሰባሉ። እዚህ ላይ ጥቅስ አይደረግም፤ ከተደረገ ሼሉ ቅንፉንና ኮከቡን እንደ ተራ ፊደል ይወስዳቸዋል።