«ሌፍት ታክል ግዙ!»፦ ስለ ድራፍት ዋጋው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እሁድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል የሚያሳይ የሐበሻ ቤት ጎራ በሉ። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ መሬት ላይ በተዘረረ ቁጥር ከአንዱ ጠረጴዛ «ኧረ ሌፍት ታክል ግዙ!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ለብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሰውዬ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች የሌላ ሰው ብቻ አይደሉም።

ለማትከታተሉ ባጭሩ። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን የሚወረውረው ነው። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ይደረደራሉ፤ ሥራቸው ሊጥሉት ከሚመጡት መከለል ነው። ከአምስቱ በግራ ጫፍ ያለው ሌፍት ታክል፣ በቀኝ ጫፍ ያለው ራይት ታክል ይባላል። ድራፍት ደግሞ በየዓመቱ በሚያዝያ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ቡድኖች የኮሌጅ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው። እንደ እቁብ ዕጣ አይወጣበትም፤ ባለፈው ዓመት የባሰበት ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ክርክሩ ሁሉ ያንን ውድ ተራ በግራ ጫፉ ሰው ላይ ማዋል ያዋጣል ወይ የሚል ነው።

«ዋጋው የተወደደው የኳርተርባኩን ጀርባ ስለሚጠብቅ ነው»

ይህ አባባል ከባዶ ሜዳ አልመጣም። በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ሲዘጋጅ ጀርባው ወደ ግራ ይዞራል፤ ከዚያ የሚመጣውን አያይም። ኅዳር 1985 እዚሁ ዋሽንግተን፣ አርኤፍኬ ስታዲየም፣ የኒውዮርኩ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ሲጥለው የታይስማን እግር ተሰበረ። አገር በቴሌቪዥን እያየ ነበር። ታይስማን ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ያን ምሽት ያየ ሰው «ግራውን ዝጉ» ቢል አይፈረድበትም።

ጨዋታው ግን እዚያው ቆሞ አልቀረም። ዛሬ ኳርተርባኩ አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ቆሞ ነው ኳሱን የሚቀበለው፤ ሜዳው ይታየዋል። ሊጥሉት የሚመጡትም አንድ በር ላይ አይቆሙም፣ ደካማውን ፈልገው ይሰለፋሉ። የካቲት 2016 የተደረገውን 50ኛውን ሱፐር ቦል፣ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ አስታውሱ። የዴንቨሩ ቮን ሚለር ብዙውን ጊዜ የተሰለፈው በካሮላይና ራይት ታክል ፊት ነበር። ሁለት ጊዜ ኳሱን ከካሮላይናው ኳርተርባክ ከካም ኒውተን እጅ አስጣለ። አንዱ ወዲያው ጎል መስመር ውስጥ ነጥብ ሆነ፤ ሌላው ጨዋታውን ዘጋው። 24 ለ 10። የምሽቱ ኮከብ ሚለር ሆነ። በዚያች ቀን ውዱ ቦታ የትኛው እንደነበር ካሮላይናዎችን ጠይቁ።

ገበያውም ይህን ገብቶታል። ዲትሮይት በ2021 በ7ኛ ተራ የመረጠው ፔኔ ሱወል ስሙን ያተረፈው በራይት ታክልነት ነው። በ2024 በዓመት በአማካይ 28 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም በመስመሩ ላይ ከሚጫወቱት ሁሉ ውዱ እሱ ሆነ። ደግሞስ ግራኝ ኳርተርባክ ካላችሁ? ጀርባው ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፤ ተረቱ ተገለበጠ።

«ጥሩ ሌፍት ታክል የሚገኘው ከላይ ብቻ ነው»

እዚህ ጋ የ2013ን ድራፍት እንየው። እኔ በበኩሌ ስለ ታክል የሚከራከር ሰው ሁሉ ይህችን ዓመት በቃሉ ሊያውቃት ይገባል ባይ ነኝ።

አንደኛ ኤሪክ ፊሸር፣ ካንሳስ ሲቲ። ሁለተኛ ሉክ ጆከል፣ ጃክሰንቪል። አራተኛ ሌን ጆንሰን፣ ፊላደልፊያ። በመጀመሪያዎቹ አራት ተራዎች ሦስት ታክል! ፊሸር ደህና ሆነ፤ ለዓመታት ተሰልፎ ሱፐር ቦልም በላ። ጆከል ግን ሌፍት ታክል ሆኖ አልዘለቀም፤ ወደ ውስጥ፣ ከታክሉ አጠገብ ወዳለው ጋርድ ወደሚባለው ቦታ አዛወሩት፣ ከ2017 በኋላ ከሊጉ ወጣ። ከሦስቱ የተሻለው ጆንሰን ነው። እሱ ደግሞ ስሙን ያተረፈው በቀኝ በኩል ነው።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። ኒው ኦርሊንስ በ75ኛ ተራ ተሮን አርምስቴድን ወሰደ። ግሪን ቤይ በ109ኛ ዴቪድ ባክቲያሪን። ባክቲያሪ በመጀመሪያ ዓመቱ የኳርተርባኩን የአሮን ሮጀርስን ግራ ተረክቦ ቆየ። በ2020 ሲፈርም በዓመት 23 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከአንደኛውም ከሁለተኛውም በልጦ ማለት ነው፤ 108 ሌላ ሰው ከተመረጠ በኋላ የተገኘ ልጅ።

ሌሎችም አሉ። ጄሰን ፒተርስ በ2004 ማንም አልመረጠውም፤ ያኔ ጭራሽ ታይት ኤንድ ነበር፣ ኳስም የሚቀበል ሰው። ጆርዳን ማይላታ ከአውስትራሊያ ራግቢ መጥቶ በ2018 በ233ኛ ተራ ፊላደልፊያ ገባ፤ ከዚያ በፊት ይህን ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። የእኛው የዋሽንግተን ጆ ጃኮቢም በ1981 ሳይመረጥ የመጣ ነው።

«እንግዲያው ታች ጠብቁ» ማለቴ ግን አይደለም። ከታች የሚመረጡት አብዛኞቹ ስማቸው ሳይሰማ ያልፋሉ፤ የምናስታውሰው ባክቲያሪን ብቻ ነው። ሎተሪ የወጣለትን ሰው አይታችሁ ደሞዛችሁን ቲኬት አትግዙበት።

«ታክል መምረጥ አያከስርም»

ቶኒ ማንዳሪች። 1989፣ ግሪን ቤይ፣ ሁለተኛ ተራ። ከእሱ ቀጥለው የተመረጡት ባሪ ሳንደርስ፣ ዴሪክ ቶማስ እና ዲዮን ሳንደርስ ናቸው፤ ሦስቱም የዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። ማንዳሪች ከአራት ዓመት በኋላ ተሰናበተ። በዚህ ላይ ሌላ ምን ልጨምር?

ደህና፣ አንድ ልጨምር። በ2020 አራት ታክሎች ተከታትለው ተመረጡ፦ አንድሪው ቶማስ በ4ኛ፣ ጄድሪክ ዊልስ በ10ኛ፣ መካይ ቤክተን በ11ኛ፣ ትሪስታን ዊርፍስ በ13ኛ። መጨረሻ የቀረው ዊርፍስ በመጀመሪያ ዓመቱ ሱፐር ቦል አሸነፈ። ቤክተን ደግሞ በኋላ ፊላደልፊያ ሄዶ ጋርድ ሆኖ ነው ዋንጫ ያገኘው። ባለሙያ ተብዬዎቹ እነዚህን አራቱን ከኛ ይልቅ ብዙ ሰዓት አይተዋቸው ነበር።

የሥራው ጠባይ ራሱ አስቸጋሪ ነው። 140 ኪሎ የሚመዝን ሰው ኳሱ ሲነሳ በግራ እግሩ ወደ ኋላና ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው የሚጀምረው። ከፊቱ የሚመጣው ከሱ ቀላል፣ ከሱ ፈጣን ነው። እጁን ቀድሞ ከሰነዘረ ይታለፋል፤ ካዘገየ ደረቱን ይመታል። ነገሩ ሁሉ በሦስት ሰከንድ ያልቃል። ኮሌጅ ውስጥ ኳሱ ቶሎ የሚለቀቅበት ቡድን ውስጥ ያደገ ልጅ ያቺን ሦስተኛ ሰከንድ ብዙም አያውቃት ይሆናል።

«መጀመሪያ ኳርተርባክህን ጠብቅ፣ ሌላው ይደርሳል»

ሲንሲናቲ በ2021 5ኛ ተራ ላይ ነበር። ኳርተርባኩ ጆ ቡሮ ጉልበቱ ተቀድዶ ገና እያገገመ ነው። ሱወል አልተመረጠም፣ እየጠበቀ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ «ምን ይታሰባል?» እል ነበር። እነሱ ግን የቡሮን የኮሌጅ ጓደኛ፣ ኳስ ተቀባዩን ጃማር ቼስን ወሰዱ። ሳቅንባቸው።

በዚያው ዓመት ሱፐር ቦል ደረሱ። መንገዱ ግን የተቀደሰ አልነበረም፦ ቡሮ በቴነሲው ጨዋታ 9 ጊዜ ተጥሎም አሸነፉ፤ በሱፐር ቦሉ 7 ጊዜ ተጥሎ 23 ለ 20 ተሸነፉ። ታክል ፈላጊውም ተቀባይ ፈላጊውም ይህንኑ ታሪክ አንስቶ «አላልኩህም?» ይላል። የኔ ሚዛን ወደ ቼስ ያደላል። ሁለት ዓመት ቆይተው ታክሉን በገንዘብ ገዙ፣ ኦርላንዶ ብራውንን። ቼስን የመሰለ ግን ገበያ ላይ አይገኝም ነበር።

«ዋጋው ችሎታው ነው»

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። የድራፍት ዋጋ ችሎታ ብቻ ሳይሆን የደሞዝ ሂሳብ ነው።

ማያሚ በ2008 ጄክ ሎንግን አንደኛ ሲመርጥ ለአምስት ዓመት 57.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ከነባሮቹ በላይ ተከፋይ ሆነ። ያኔ ከላይ መምረጥ ሽልማት ይሁን ቅጣት አይለይም ነበር። በ2011 በሊጉና በተጫዋቾቹ መካከል አዲስ ስምምነት መጣና የጀማሪ ደሞዝ በተራ ቁጥር ተወሰነ። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ኳርተርባክ የስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ውል ነበረው፤ የ2011ዱ የአራት ዓመት 22 ሚሊዮን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። 5ኛ የተመረጠ ታክልም፣ 5ኛ የተመረጠ ጋርድም ደሞዙ ያው ነው። ገበያ ወጥተህ ብትገዛ ግን ታክሉ ከጋርዱ ይወደዳል። ስለዚህ ጥሩ ታክል ያገኘ ቡድን ለአራት ዓመት በርካሽ ይኖራል። የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከሆነ አምስተኛ ዓመትም የመጨመር መብት አለው። ቡድኖች ለታክል የሚሻሙት ከ1985ቱ ምሽት ይልቅ ለዚህ ትርፍ ነው። ትርፉ ደግሞ ግራና ቀኝ አይለይም።

አሠልጣኙ ጂሚ ጆንሰን በዳላስ ጊዜው ያስለመደውን፣ ለየተራው ዋጋ የሚሰጠውን የነጥብ ሰንጠረዥ እያነሳችሁ የምትከራከሩም አላችሁ፤ አንደኛው ተራ 3000 ነጥብ፣ አሥረኛው 1300። እሱ የሚነግራችሁ የወንበሩን ዋጋ ነው። ማን ይቀመጥበት አይልም።

«ሌፍት ታክሉ ካለ ቡድኑ ተሠራ»

ክሊቭላንድ በ2007 በ3ኛ ተራ ጆ ቶማስን ወሰደ። ሰውየው 10,363 ጊዜ በተከታታይ ሳይቀየር ተሰለፈ። በ2023 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አንድም ቀን አልተጫወተም።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንጉ ጠረጴዛ ልመለስ። በ2025 ጩኸታችን ተሰማ፤ ዋሽንግተን ላረሚ ተንሲልን ከሂዩስተን አመጣ። ይህ ሰው በ2016 ድራፍት ምሽት በማኅበራዊ ገጹ ላይ በወጣ ቪዲዮ ምክንያት 13ኛ ድረስ የወረደ ነው። በ2019 ሂዩስተን እሱን ለማግኘት ለማያሚ ሁለት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። ዋሽንግተን ሲወስደው የአንደኛ ዙር ምርጫ አልከፈለም፤ ከፍተኛው የሁለተኛ ዙር ነበር። ያንን የአንደኛ ዙር ተራውን በዚያው ሚያዝያ ሌላ ታክል መረጠበት፣ ጆሽ ኮነርሊን፣ በ29ኛ። ኮሌጅ ውስጥ ግራ ነበር የሚጫወተው። ዋሽንግተን ቀኝ አቆመው።