ፋይልፊሽ ቅርፊት አለው ወይስ የለውም?

ጎንደር ላይ ዓሣ ሲባል ቶሎ የሚታየን በጎርጎራ በኩል ከጣና የሚመጣው ነው። የቆሮሶ ቅርፊት በቢላ ይፋቃል፤ አምባዛ ደግሞ ጭራሽ ቅርፊት የለውም። ፋይልፊሽ የሚባለው የባሕር ዓሣ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ሲያዩት ቅርፊት ያለው አይመስልም።

ግን አለው። ቅርፊቶቹ በጣም ደቃቅ ናቸው። ጥቃቅን እሾህ ስላለባቸው ቆዳው ሲነካ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ጀርባው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ እሾህ አለው። ሲደነግጥ ያቆመዋል፤ ከኋላው ያለችው ትንሽ እሾህ ትቆልፈዋለች። ከዚያ ወዲያ ከኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሚሠሩት ድንጋይ መሳይ ነገር) ስንጥቅ መዞ ማውጣት ከባድ ነው።

ከዘመዶቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የቀይ ባሕሩ ትንሹ ነው። ርዝመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ አፉ ሹል። አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ገላው ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ተደርድሯል፤ በጣም ያምራል። ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ቅርንጫፋም ኮራል መካከል ይኖራል። በሹል አፉ ፖሊፕ የሚባሉትን ጥቃቅን የኮራል እንስሳት እየለቀመ ይበላል።

በህንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች የሚኖረው የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ጉድ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የበላው ኮራል ሽታ ሰውነቱ ላይ ያድራል። አዳኝ ዓሣም በማሽተት ሊለየው ይቸገራል። ኮራሉ ከሞተ ግን ምግቡም መደበቂያውም አብሮ ይጠፋል። በ1998 እ.ኤ.አ. የባሕር ሙቀት ጨምሮ ኮራል ሲነጣ፣ ይህ ዓሣ በጃፓን ኦኪናዋ ከአንድ ደሴት ዳርቻ ጨርሶ ጠፍቷል።